የኢንተርኔቱ የውሃ አባት

አያ ይመር ማረፋቸውን የነገረችኝ የቀድሞ ጎረቤቴ ትርሲት ናት። ውጫሌ፣ የመምህራን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የፈተና ወረቀት ሳርም ደወለች። «መምህር፣ የውሃ አባታችን ሄዱ» አለችና ድምጿ ተቆረጠ። ትንሽ ቆይታ ግን፣ «ለቅሶው ላይ የሆነውን ልንገርህ?» አለችኝ። «የእጅ መታጠቢያ ውሃ ሲዞር ሁለት ሽማግሌዎች እኩል እጃቸውን ዘረጉ። አንደኛው ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹ተራህ ነው ወይ?› አይል መሰለህ! ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። ሲያለቅስ የነበረው ሁሉ ሳቀ።»

እኔም ስልኩን እንደያዝኩ ሳቄ አመለጠኝ። አጠገቤ ያሉት መምህራን የምሥራች የሰማሁ መስሏቸው ዞር ብለው አዩኝ። መርዶ ሰምቶ መሳቅ ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ግን አያ ይመርን ለማያውቅ ሰው ነገሩን በሁለት ቃል ማስረዳት አይቻልም። እዚህ በሥርዓቱ ላስረዳ።

መጀመሪያ የውሃ አባት ማለት ምን እንደሆነ ልናገር። በአምባሰል በኩል ባሉ የመስኖ መንደሮች ብዙ ገበሬ አንድ ቦይ ይጋራል። ውሃው ለሁሉም በአንድ ጊዜ ከተለቀቀ ከላይ ያለው ማሳ ይጠግባል፣ ከታች ያለው ይደርቃል፣ ባለማሳዎቹም በአካፋ ይፈላለጋሉ። ስለዚህ ሁሉም የሚያምኑትን አንድ ሰው ይመርጣሉ። ዛሬ የማን ሽንኩርት፣ ነገ የማን ቃሪያ እንደሚጠጣ የሚወስነው እሱ ነው። ያለተራው የጠጣ ሰው ቢገኝ ቅጣቱን የሚፈርደውም እሱ ነው። የውሃ አባት የሚባለው ይህ ሰው ነው። አያ ይመር ጉልበታቸው እስኪደክም ድረስ በዚህ ሹመት ኖረዋል። ከዚያ በኋላ ነው ልጃቸው ዘሀራ ዐረብ አገር ሠርታ በላከችው ገንዘብ ሐይቅ ከተማ ወዳሠሩት ቤት የወረዱት።

እኔ ሐይቅ ኮምፒውተር አስተምር በነበረበት ጊዜ የተከራየሁት እዚያ ግቢ ውስጥ ካሉት ሰርቪስ ክፍሎች አንዱን ነው። መንገድ ዳር ያለችውን ሱቅ ትርሲት ተከራይታ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ትሠራበታለች። አያ ይመር ሽርጣቸውን አገልድመው፣ ረጅም በትራቸውን ይዘው፣ ግቢውን ከጠዋት እስከ ማታ ይዞሩታል። ሹመታቸው ከመንደር ቢቀርም ጥያቄያቸው አብሯቸው ወርዷል። ዶሮዋ የቡችላው ሳህን ላይ ስታንዣብብ፣ «ተራሽ ነው ወይ?» ይሏታል። ባጃጅ በሩ ላይ ጥሩንባ ሲነፋ፣ «ተራህ ነው ወይ?» ይሉታል። አንድ ቀን ጥቅምት ውስጥ ዝናብ ሲጥል ቀና ብለው ሰማዩን እንዲሁ ሲጠይቁት ሰምቻቸዋለሁ፤ ወዲያው ግን «አስተግፊሩላህ» ብለው ወደ ቤት ገቡ።

አሁን ወደ ኢንተርኔቱ ልምጣ። ዘሀራ የመጨረሻ ልጃቸው ናት። ዐረብ አገር ብዙ ዓመት ቆይታ ከተመለሰች በኋላ ሐይቅ ውስጥ የሚሆን ሥራ አጣች። ደላላው ደግሞ በየሳምንቱ ይደውላል፤ ቪዛው ዝግጁ ነው፣ አሠሪዎቹ ጥሩ ናቸው ይላታል። እናቷ ያረፈች ጊዜ ዘሀራ ዐረብ አገር ነበረች። ለቅሶውን ያየችው በስልክ ነው፤ ምስሉ እየቆመ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። አያ ይመር ይህን የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱንም ወደ ሌላ አቅጣጫ እያዩ።

«ለምን አትሂጂ አይሏትም?» አልኳቸው።

«ምን ይዤ? ይኸን ቤት የሠራችው እሷ! ‹እንግዲህ ምን ልብላ› ብትለኝ ምን ልመልስ ነው?» አሉ። «ሥራ እዚሁ ካገኘች ግን አትሄድም። እሱን አውቃለሁ።»

ሥራው ከኮምፒውተር ውስጥ መጣ። ዘሀራ በአረብኛ የሚጽፉ ደንበኞችን ጥያቄ ከቤቷ ሆና የምትመልስበት ሥራ አገኘሁ ብላ አመለከተች፤ የጽሑፍ ፈተናውን አለፈች፤ ቃለ መጠይቅ ቀረ። አያ ይመር በማግስቱ ሄደው የቤት ኢንተርኔት አስገቡ። ባለሙያው መጥቶ መስመሩን ዘረጋ፣ ራውተሩን ግድግዳ ላይ ሰቀለ፣ መሥራቱንም በእሳቸው ስልክ ሞክሮ አሳያቸው። ከዚያ፣ «አራት ኮምፒውተር ይይዛል፣ ለተከራዮችዎም ይበቃል» ብሎ ሄደ።

ለተከራዮች ይበቃል የምትለዋን ሲሰሙ አያ ይመር ተሾሙ።

አራት ኮምፒውተር ነበረን፤ የትርሲት ሁለት፣ የዘሀራና የእኔ። ለአራቱም ገመድ ዘረጋን። አያ ይመር ግን ገመዶቹን ከራውተሩ ነቅለው በየተራ አንዱን ብቻ ይሰኩ ጀመር። ጠዋት ትርሲት፣ ቀን ዘሀራ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ እኔ። ያለገመድ እንዳንጠቀም ደግሞ ከራውተሩ ሥር የተጻፈውን ፓስወርድ በቁስል ፕላስተር ለጠፉበት፤ እኔ የኮምፒውተር መምህር ስለሆንኩ ለብቻዬ አስማሉኝ።

ማስረዳት ስለምወድ ዝም ማለት አልቻልኩም። ወረቀት አውጥቼ ሥዕል ሣልኩላቸው። «አያ ይመር፣ ይኸ ራውተር ራሱ ያከፋፍላል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የሚፈልገውን በትንንሽ ቁራጭ ይቆርጠዋል፤ አንድ ለትርሲት፣ አንድ ለእኔ፣ አንድ ለዘሀራ እያለ በፍጥነት ያቀብላል። ከፈለግን ደግሞ ለአንዱ ብዙ፣ ለሌላው ጥቂት ስጥ ብለን ልናዘው እንችላለን። መንቀል አያስፈልግም።»

በጥሞና ሰሙኝ። ወረቀቱንም አዙረው አዩት። ከዚያ፣ «ጥሩ ብለሃል» አሉኝ። «ግን ይኸን ሣጥን ማን መረጠው?»

«እ?»

«እኔን መንደሩ መርጦኛል። በደልክ ቢሉኝ በሬን ያንኳኳሉ። ይኸ ሣጥን ቢበድልህ የማንን በር ታንኳኳለህ?»

ትርሲት ከሱቋ ሆና፣ «መልስ እንጂ መምህር! ተማሪ ጠየቀህ!» ብላ ሳቀችብኝ። ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ፤ ገመዱም ሲነቀልና ሲሰካ ከረመ።

ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለሱ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ «ክስ ያለው!» ይላሉ። ክስ አይጠፋም ነበር። ትርሲት እኔን፣ እኔ ትርሲትን፣ ዘሀራ ሁለታችንን እንከሳለን። አንድ ጊዜ ለተማሪዎቼ የማሳየውን ቪዲዮ ሳወርድ ተራዬ አልፎ፣ ትርሲት ባለጉዳይ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። ከሰሰችኝ። ሁለታችንንም አዳምጠው፣ ያወረድኩት ለልጆች ትምህርት መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ፣ «ለልጆች መሆኑ ጥሩ ነው። ያለተራህ መሆኑ ግን ያው ነው» ብለው ግቢውን አስጠረጉኝ። ስጠርግ ደግሞ ከኋላዬ እየተከተሉ፣ «አብሽር፣ አብሽር፣ ጥግ ጥጉን እንዳትረሳ» ይሉኝ ነበር።

ራውተሩንም እንደ ታማሚ ልጅ ነበር የሚይዙት። መዳፋቸውን ያሳርፉበትና ሞቅ ካለ፣ «እየወረደ ነው» ይላሉ። ቀዝቀዝ ያለ ከመሰላቸው፣ «ከላይ ደፍነውታል» ይላሉ። ሙቀቱ ከኢንተርኔቱ ፍጥነት ጋር እንደማይገናኝ ብዙ ጊዜ አስረድቻቸዋለሁ። ራሳቸውን ይነቀንቁና እንደገና መዳፋቸውን ያሳርፋሉ።

የቃለ መጠይቁ ቀን ቅዳሜ ጠዋት ነበር። የእኔና የትርሲት ሦስት ገመዶች ተነቅለው፣ በራውተሩ ላይ የቀረው የዘሀራ ብቻ ነው። አያ ይመር በርጩማቸውን ራውተሩ ሥር አድርገው በትራቸውን ይዘው ተቀመጡ። መብራት ቢጠፋ ዘሀራ በስልክ እንድትቀጥል ብለው ስልካቸውን እዚያው አጠገባቸው ቻርጅ ላይ ሰክተዋል። ዘሀራ ነጭ ሻሽ አስራ፣ ማዳመጫዋን አድርጋ ክፍሏ ገባች። እኔና ትርሲት በረንዳው ላይ ቆመን ጆሯችንን ቀሰርን።

ጥቂት እንደቆየች ድምጿ ተሰማ። አረብኛ አላውቅም፤ ሰው «ይሰማል? አሁንስ ይሰማል?» ሲል ግን በየትኛውም ቋንቋ ያስታውቃል። ወዲያው ፊቷ አመድ መስሎ ወጣች።

«ምስሉ ይቆማል። ድምፄ አይደርሳትም» አለች። «ሴትዮዋ፣ ‹ሥራው በመስመር ነው፤ መስመር ከሌለሽ ልንቀጥርሽ አንችልም› አለችኝ። ግማሽ ሰዓት ሰጥታኛለች። ከዚያ እምቢ ካለ አለቀ።» ከዚያም ቀስ ብላ፣ «ሰኞ ለደላላው መልስ እሰጣለሁ» ስትል ጨመረች።

አያ ይመር ከበርጩማቸው ተነሡ። በመንደር ቦይ ሲጎድል ምን ያደርጉ እንደነበር ያን ቀን አየሁ። ከምንጩ ጀምረው እስከ ማሳው ድረስ ቦዩን በእግራቸው ይከተላሉ። ከግቢው አጥር ጀምረው ገመዱን በበትራቸው ጫፍ እየዳሰሱ፣ በግድግዳው ላይ ራውተሩ ድረስ፣ ከራውተሩም እስከ ዘሀራ ክፍል ድረስ ተከተሉት። የተቆረጠ የለም። ቀጥለው ወደ ሱቁ ሄዱ።

«ትርሲት፣ ጠጥተሻል?»

«ኧረ አያ ይመር! ገመዴ ይኸው፣ አንገቴ ላይ ጠምጥሜዋለሁ!»

«ወላሂ በይ!»

«እኔ ክርስቲያን፣ ምን ወላሂ ያስብለኛል?»

«እንግዲያው በማርያም በይ!»

«በግሸኗ ማርያም!»

«አመንኩሽ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ግን ክስ እስኪመሠረትብኝ አልጠበቅሁም። «አያ ይመር፣ መሐላዬን ለአንድ አፍታ ይፍቱልኝ። ራውተሩ ከእሱ ጋር የተገናኘውን ሁሉ ስም እየጠራ ያሳያል። ፕላስተሩን ልንቀልና ልየው።»

በትራቸውን አነሡና አወረዱት። ከዚያ ፕላስተሩን በገዛ እጃቸው ላጡልኝ።

ኮምፒውተሬን አምጥቼ ገባሁ። ከእኔ ሌላ ከራውተሩ ጋር የተገናኙት ሁለት ናቸው። አንደኛው የዘሀራ ኮምፒውተር ነው። ሁለተኛው ስልክ ነው፤ ያለማቋረጥም ይልካል። የማን ስልክ ነው? የእኔ ፓስወርዱን አያውቅም። የትርሲትም እንደዚያው። ዞር ስል ቻርጅ ላይ የተሰካው የአያ ይመር ስልክ ብርሃኑን ብልጭ ድርግም ያደርጋል።

ነገሩ ገባኝ። ባለሙያው የመጣ ቀን መስመሩን የሞከረው በእሳቸው ስልክ ነው፤ ያን ጊዜ የገባው ፓስወርድ ከስልኩ አልወጣም። አያ ይመር ደግሞ በዚያ ሳምንት መንደር ወጥተው ሁለት ገበሬዎች በወሰን ሲካሰሱ ለማስረጃ ብለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቪዲዮ ቀርጸዋቸዋል። እንዲህ ያለው ስልክ ዋይፋይና ቻርጅ አብረው ሲያገኝ የተቀረጸውን ሁሉ በራሱ ወደ ሩቅ ማስቀመጫ ይልካል። የቤት ኢንተርኔት ደግሞ ብዙ ጊዜ ለመቀበል ሰፊ፣ ለመላክ ጠባብ ነው። የዘሀራን ድምፅና ምስል የሚወስደው መውጫ በሁለቱ ገበሬዎች ሙግት ተደፍኗል ማለት ነው።

«አያ ይመር፣ ያለተራው የሚጠጣው ተገኘ» አልኩ።

«ማነው?» በትራቸውን ጨበጡ። «ጥራው!»

በጣቴ ስልኩን አሳየሁ። ስልኩን አዩት። እኔን አዩኝ። ትርሲት ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«የኔ ስልክ የራሱ ውሃ አለው። ሲም ካርድ አለው» አሉ።

«አለው። ግን ዋይፋይ ካገኘ ከዚህም ይጠጣል።»

«ላ ኢላሀ ኢለላህ!»

በአንድ ጣት ነክቼ ዋይፋዩን ላጠፋው እጄን ስዘረጋ ቀደሙኝ። ስልኩን ከቻርጁ ነቀሉና ጫጩት እንደነጠቀ ጭልፊት በፍጥነት ከግቢው ወጡ። «አያ ይመር! ይመለሱ! በቁልፍ ይጠፋል!» ብዬ ብጮህ አልሰሙም። ሰዓቱም እየሄደ ነበር። ስልኩ በራቀ ጊዜ ግን ከራውተሩ ዝርዝር ላይ ስሙ ጠፋ። እንዲህም ቢሆን ያው ነው ብዬ፣ ዘሀራን «ግቢ፣ ደውይላት» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ድምጿ ሳይቆራረጥ ወረደ። እኔና ትርሲት በረንዳው ላይ ተቀምጠን የማይገባንን አረብኛ እንደ መንዙማ አዳመጥን። መጀመሪያ በፍርሃት፣ ኋላ በድፍረት፣ መጨረሻ ላይ ከሴትዮዋ ጋር አብራ ስትስቅ ሰማናት። ስትስቅ ትርሲት ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

ዘሀራ ወጥታ ግራ ቀኝ አየች። «አባዬስ?» አለች።

ጭራሽ ረስተናቸው ነበር! ሮጬ ስወጣ የደሴ ወልድያው አስፋልት ማዶ ድረስ ሄደዋል። ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ፣ ስልኩን በቀኝ እጃቸው እንደ እባብ ከሰውነታቸው አርቀው ይዘው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። አንድ የባጃጅ ሹፌር አጠገባቸው ቆሞ ይጨቀጭቃቸዋል።

«አባባ፣ የት ላድርስዎ?»

«የትም።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?»

«ማሳ እየጠጣ ነው አልኩህ! ሂድ!»

እኔን ሲያዩ እጃቸውን ሳያወርዱ ጠየቁኝ። «አለቀ?»

«አለቀ።»

«ጠጣች?»

«ጠገበች፣ አያ ይመር።»

እጃቸው ያን ጊዜ ወረደ። የባጃጁ ሹፌር ሁለታችንንም አየና ባጃጁን አስነሥቶ ሄደ።

ግቢ እንደገቡ በርጩማው ላይ አልተቀመጡም። ትርሲትን ጠርተው እሷን አስቀመጧት፤ በትራቸውንም ሰጧት። «ያለተራው የጠጣ ይቀጣል። እኔ በራሴ ላይ ልፈርድ አልችልም፤ አንቺ ፍረጂ» አሉ።

ትርሲት ልትቀልድ ፈልጋ ነበር። ፊታቸውን ስታይ ግን ቀልዱን ተወችው። «የዘሀራ መልስ እስኪመጣ ድረስ ግቢውን ይጥረጉ» አለች። «ጥግ ጥጉንም እንዳይረሱ።»

ጠረጉ። በየጠዋቱ ከፈጅር ሶላት መልስ ጠረጉ። መጥረጊያውን ልቀበል ብል፣ «ተራህ ነው ወይ?» አሉኝ። ደላላው ሲደውል መጥረጊያቸው ይቆማል፤ ዘሀራ «ቆይ፣ ጠብቅ» ስትለው እንደገና ይንቀሳቀሳል። አንድ ቀን ትርሲት በሹክሹክታ፣ «ንጹሑን መሬት እኮ ነው የሚጠርጉት» አለችኝ። አየሁ፤ እውነቷን ነበር።

መልሱ የመጣ ቀን ዘሀራ ከክፍሏ በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች። መጥረጊያውን ከእጃቸው ወስዳ ግድግዳ ላይ አስደገፈችው። አያ ይመር ባዶ እጃቸውን ዘርግተው ትንሽ ቆሙ፤ «አልሐምዱሊላህ» አሉና ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉ። ትርሲት ከሱቋ እልል አለች።

ከዚያ ወደ እኔ መጡ። «መምህር፣ ልጄ ከጠዋት እስከ ማታ ልትጠጣ ነው። የእናንተን ከደፈንኩ እናንተ ትጠማላችሁ፤ የሷን ከነቀልኩ ትሄዳለች። ያን ሣጥን አከፋፍል በለው» አሉኝ።

«ማን መረጠው ይሉ የለ?»

«እኔ መረጥኩት» አሉ።

በዚያው ቀን አራቱንም ገመድ ሰካሁ። ለዘሀራ ሥራ የሚሆነውን አስቀድሞ እንዲጠብቅ፣ የቀረውን ለእኛ እንዲያካፍል ራውተሩን አዘዝኩት። የአያ ይመርን ስልክ ግን፣ በራሳቸው ጥያቄ፣ ከነጭራሹ ከለከልኩት። አራቱ መብራቶች እኩል ብልጭ ሲሉ ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩአቸው። መዳፋቸውን አሳረፉ። «ሞቅ ብሏል» አሉ። ያን ቀን ምንም አላስረዳኋቸውም።

በሚቀጥለው ዓርብ ከጁምዓ ተመልሰው እንደ ልማዳቸው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። በትራቸውን አጋደሙ። «ክስ ያለው!» አሉ።

ክስ ያለው ጠፋ። ትርሲት ባለጉዳዮቿን በሰላም ታስተናግዳለች። እኔም በሬ ላይ ቆሜ ምንም በደል ላስታውስ አልቻልኩም።

«አንድም የለም?»

በትራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው መሬት አስደገፉት፤ ሊነሡ ነው። ያን ጊዜ የዘሀራ በር ተከፈተ። የእረፍት ሰዓቷ ነበር፤ ማዳመጫዋ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«አለ!» አለች። «እኔ እከሳለሁ። ይኸ መምህር ዛሬ ጠዋት ውሃዬን ጠጣብኝ።»

እኔ ኮምፒውተሬን ከትናንት ጀምሮ አልከፈትኩም። ዘሀራን አየኋት፤ ዓይኗን አልሰበረችም። አያ ይመር ተመቻችተው ተቀመጡ፤ በትሩ ጉልበታቸው ላይ ተመለሰ።

«የእምነት ክህደት ቃልህን ስጥ!»

«ጠጥቻለሁ፣ አያ ይመር።»

«እኔም በዓይኔ አይቻለሁ!» አለች ትርሲት፣ ፎቶ ኮፒዋን ጥላ እየመጣች።

ረጅም ጊዜ አሰቡ። ጺማቸውን ዳሰሱ። «ለግቢው ሁሉ የሚበቃ ቆሮሶ ዓሣ ከሐይቁ ዳር ገዝተህ ና። ትኩስ ይሁን» ብለው ፈረዱ።

ይግባኝ አልጠየቅሁም። ፌስታል ይዤ ስወጣ ከኋላዬ ጮኸው ሲጣሩ ሰማሁ፤ ድምፃቸው አስፋልቱ ማዶ ላለው ጎረቤት ሁሉ ይሰማል።

«ቶሎ በል መምህር! ልጄ ሥራ ውላለች፤ ስትወጣ ይርባታል!»